የሚለበስ የልዕለ ጀግና ጥሩር ቤት ውስጥ አሠራር፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሠሪዎች

ጥሩር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የማያምር የለም። ፈተናው የሚመጣው ተለብሶ ደረጃ ሲወጣ፣ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ፣ እጅ አንስቶ ሰላምታ ሲሰጥ ነው። ብዙ ጀማሪ ገንዘቡንና ጉልበቱን ለቀለምና ለመብራት ያወጣና ልኬቱን በአንድ ከሰዓት ይገላገለዋል፤ በኋላ ደረቱ አገጩን ይወጋዋል፣ የጭኑ ሽፋን ጉልበቱ ላይ ይወርዳል፣ ልብሱ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወልቆ ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል። አሥር ቀን ካላችሁ አራቱን ለልኬትና ለፓተርን፣ ማለትም ለመቁረጫ ንድፉ፣ ስጡት። ቀለም መቀባት ሁለት ቀን ይበቃዋል።

እዚህ የምንሠራው ደረትና ጀርባ፣ ሆድ፣ ትከሻ፣ ክንድ፣ ቀበቶ፣ ጭን፣ ቅልጥምና የራስ ቁር ያለውን ሙሉ ልብስ ነው፤ ለልደት፣ ለትምህርት ቤት መዝጊያ ወይም ለአጭር ፊልም ቀረጻ የሚሆን። መጠኑ ቁመቱ 1.70 ሜትር አካባቢ ለሆነ ሰው ተሰልቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ ከክንድ ጀምሩ። ትንሽ ነው፣ ቢበላሽ አያስቆጭም፣ ሁሉንም ዘዴ ያስተምራል። የራስ ቁር ሁሉም ሰው መጀመሪያ ሊሠራው የሚጓጓለት፣ ግን መጨረሻ ላይ መሠራት ያለበት ነው።

ዕቃው

ዋናው ዕቃ ኢቫ የሚባለው ፎም ነው። ስሙን ባታውቁትም እግራችሁ ያውቀዋል፤ የነጠላ ጫማ ሶል የሚሠራበት ነው። እንደ እንቆቅልሽ በሚገጣጠም የልጆች መጫወቻ ምንጣፍ፣ ተጠቅልሎ በሚሸጥ የስፖርት ምንጣፍ፣ ወይም ጫማ ሠሪዎች ለሶል በሚቆርጡት ጠፍጣፋ መልክ ልታገኙት ትችላላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት በጥፍራችሁ ጫን በሉት፤ ምልክቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከጠፋ ጥሩ ነው። አጥፋችሁ ሁለቱን ጫፍ አገናኙ፤ መታጠፊያው ላይ ከተሰነጠቀ ተዉት። የፍራሽ ስፖንጅ ለዚህ አይሆንም፤ ማስቲሹንም ቀለሙንም ይመጠዋል፣ ቅርጽም አይይዝም። ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበት ነጭ ፎም ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ማስቲሽና ስፕሬይ ሲነካው ዓይናችሁ እያየ ይቀልጣል።

ለሙሉ ልብስ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ምንጣፍ 8 ቁራጭ ያስፈልጋል። 30 በ30 ብቻ ካገኛችሁ 32 ቁራጭ ማለት ነው፤ መጋጠሚያው ስለሚበዛ ማስቲሽም ሥራም ይጨምራል። ለጌጥና ለተደራራቢ ሳህኖች ስስ የሆነ፣ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያለው፣ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ጨምሩ። ከዚያ ማስቲሽ 1 ሊትር፣ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ላስቲክ 5 ሜትር፣ ቬልክሮ 2 ሜትር፣ የቦርሳ ክሊፕ 8፣ ከተርና 10 ትርፍ ምላጭ፣ 120፣ 240 እና 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ የእንጨት ኮላ 1 ኪሎ፣ ስፕሬይ ቀለም 5 ቆርቆሮ (2 ጥቁር፣ 2 ብርማ ወይም የፈለጋችሁት ቀለም፣ 1 ቫርኒሽ)። ማስቲሹን የሶልና የቆዳ ዕቃ ከሚሸጡ፣ ላስቲኩንና ቬልክሮውን ከስፌት ዕቃ ቤት፣ ክሊፑን ቦርሳ ከሚጠግኑ ጠይቁ። ደሴ ላይ ፒያሳና አራዳን አንድ ቀን በእግር ብትዞሩ አብዛኛው ይሟላል። ማስቲሹን ስትገዙ ጣሳውን ነቅንቁት፤ እንደ ማር ካልፈሰሰና ውስጡ ከጓጎለ አሮጌ ነው፣ አይዝላችሁም።

ምላጭ ላይ አትሰስቱ። ኢቫ ለስላሳ ቢመስልም ምላጭ ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ ምላጭ ደግሞ አይቆርጥም፣ ይቦጭቃል። ጠርዙ እንደ ተነከሰ ዳቦ ከሆነ ችግሩ እጃችሁ ሳይሆን ምላጩ ነው።

ልኬትና ፓተርን

ለባሹ በልብሱ ሥር የሚለብሰውን ጠባብ ቲሸርትና ሱሪ ይልበስ፤ ላዩ ላይ የማይፈልገውን አሮጌ ቲሸርት ይደርብ። ደረቱንና ሆዱን በምግብ መሸፈኛ ላስቲክ ሁለት ዙር ጠቅልሉት፤ አታጥብቁ። ከዚያ በወረቀት ፕላስተር፣ ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት በቀላሉ በሚላቀቀው፣ ሁለት ድርብ ሸፍኑት። በደንብ አየር ስቦ እንዲይዝ ንገሩት፤ የመጨረሻውን ድርብ የምትለጥፉት ደረቱ ተነፍቶ ሳለ ነው። ይህችን ትንሽ ነገር የዘለለ ሰው ተራ አተነፋፈስ ላይ የሚገጥም፣ የሐረጎን ዳገት በእግር ሲወጡ ግን የሚያንቅ ደረት ይሠራል።

አሁን ማርከር ያዙና በቀጥታ ሰውየው ላይ ሣሉ። መጀመሪያ ከአንገት ጉድጓድ እስከ እምብርት መሐል መስመር አውርዱ። ቀጥሎ እጁን ወደፊት እንዲዘረጋ አድርጉና ብብቱ ላይ ቆዳው የሚታጠፍበትን ቦታ ምልክት አድርጉ፤ የደረቱ ጠርዝ ከዚያ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ መቅረት አለበት። ወገቡን አጥፎ እንዲጎነበስ አድርጉ፤ ሆዱ ላይ እጥፋቱ የታየበት መስመር ደረቱና ሆዱ የሚለያዩበት ነው። መጨረሻ ላይ በርጩማ ላይ አስቀምጡት፤ ጭኑ ሆዱን የሚነካበት ቅስት የሆድ ሽፋኑ የታችኛው ጠርዝ ይሆናል። ሲቆም ጠርዙ አጭር ይመስላችኋል። አታስረዝሙት።

ግራና ቀኙን ለየብቻ አትሣሉ። የሰው ገላ እኩል አይደለም፣ ልብሱ ግን እኩል ሆኖ መታየት አለበት፤ አንዱን ጎን ብቻ ሥሉና ፓተርኑን ገልብጣችሁ ለሌላው ተጠቀሙበት። ቅርፊቱን ከጀርባ በመቀስ ስትቀዱ አንድ ጣት ከመቀሱ ሥር እየሄደ ገላውን ይጠብቅ። ከዚያ በሣላችሁት መስመር ቆራርጡና እያንዳንዱን ካርቶን ላይ ዘርጉት። አልዘረጋ ብሎ የሚቆለመም ቁራጭ ካለ፣ ከጠርዙ ወደ መሐል ቅደዱት፤ የተከፈተው ሦስት ማዕዘን ፎሙ ላይ ተቆርጦ የሚወጣና ጠርዞቹ የሚጣበቁ ቦታ ነው። ጉብታ የሚፈጠረው በዚህ ነው። ልብስ ሰፊ የደረት ቅርጽ እንዴት እንደሚያወጣ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ካርቶን ላይ ስትገለብጡ እያንዳንዱን ቁራጭ ቁጥር ስጡት፣ ግራ ወይም ቀኝ በሉት፣ የላይ ጫፉን በቀስት አመልክቱ። ሁለት ቁራጭ በሚገጣጠምበት ጠርዝ ላይ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ትይዩ ጭረት አድርጉ። በማስቲሽ ስትገጥሙ እነዚህ ጭረቶች ከሌሉ አንዱ ጫፍ ሁልጊዜ 1 ሳንቲ ሜትር ተርፎ ይቀራል።

ለክብ ቁራጮች፣ ማለትም ለክንድ፣ ለጭንና ለቅልጥም፣ የፎሙን ውፍረት አስሉበት። ወፍራም ፎም ሲጠቀለል ውስጡ ይጨመቃል፣ ውጪው ይለጠጣል። ስለዚህ ገላው ላይ ከለካችሁት ዙሪያ በተጨማሪ የውፍረቱን 3.14 እጥፍ ጨምሩ፤ ለ10 ሚሊ ሜትር ፎም 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ለልብስና ለእንቅስቃሴ ሌላ 2 ሳንቲ ሜትር። ባቱ 36 የሆነ ሰው የቅልጥም ሽፋኑ በባቱ ላይ 41 ይሆናል። ክንድ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ፤ የእጅ አንጓ ጠባብ ነው፣ መዳፍ ግን ሰፊ፣ ስለዚህ በአንጓ የተለካ ክንድ በመዳፍ በኩል አያልፍም። ከውስጥ በኩል ተከፍቶ በቬልክሮ እንዲዘጋ አድርጉት።

ወደ ፎሙ ከመሄዳችሁ በፊት ካርቶኑን ራሱን በፕላስተር ገጣጥማችሁ አልብሱት። ካርቶን ከየሱቁ በነጻ ይገኛል፤ ፎም በገንዘብ ነው። እዚህ ላይ የተገኘ ስሕተት በሁለት ደቂቃ ይታረማል።

አቆራረጥና ቅርጽ ማስያዝ

ፓተርኑን ፎሙ ላይ በእስክሪብቶ ገልብጡ፤ ማርከር በኋላ በቀለሙ ውስጥ ሊወጣ ይችላል። ምንጣፉ አንድ ፊቱ ጎርባጣ ከሆነ እሱን ወደ ውስጥ፣ ለስላሳውን ወደ ውጪ አድርጉ። ከተሩን ወደ ፎሙ አጋድማችሁ፣ ረጅም ምላጭ አውጥታችሁ፣ በሁለት ጉዞ ቁረጡ፤ የመጀመሪያው ግማሹን፣ ሁለተኛው ቀሪውን። እንደ መጋዝ ወደፊትና ወደኋላ አትመላለሱ። ሁለት ቁራጭ ጠፍጣፋ ሆነው የሚገጣጠሙ ከሆነ ጠርዙ ቀጥ ያለ 90 ዲግሪ ይሁን፤ ማዕዘን ፈጥረው የሚገጣጠሙ ከሆነ ሁለቱንም 45 ዲግሪ አዘንብላችሁ ቁረጡ። ምላጩ ሁልጊዜ ከሌላው እጃችሁ ወደ ውጪ ይሂድ።

ጠፍጣፋ ፎም ሲለበስ ካርቶን ይመስላል፤ ጥምዝ ያስፈልገዋል። ተራ የፀጉር ማድረቂያ ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ አይበቃም። የሞባይል ጠጋኞች የሚጠቀሙበት የሙቅ አየር መሣሪያ ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ ካላገኛችሁ ግን ሰፊ ድስትና የፈላ ውሃ በቂ ነው። ኢቫ ከ80 ዲግሪ በታች መለስለስ ይጀምራል። ደሴ ከፍታዋ ወደ 2500 ሜትር ስለሚጠጋ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ዝቅ ስለምትል 94 ይደርሳል። ለሁለቱም ይበቃል። ፎሙ ስለሚንሳፈፍ በእንጨት ማማሰያ ደፍቃችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ያዙት። በወፍራም ጓንት አውጡና ወዲያው ቅርጹን በሚሰጠው ነገር ላይ ጫኑት፤ ለትከሻ ኳስ፣ ለክንድ የለስላሳ ጠርሙስ፣ ለቅልጥምና ለጭን ባለ 5 ሊትር ጀሪካን። እስኪቀዘቅዝ ሁለት ደቂቃ ሳትለቁ ያዙት። ቶሎ ከለቀቃችሁት ተመልሶ ይዘረጋል። ሲቀዘቅዝ ትንሽ ስለሚላላ ከምትፈልጉት በላይ አጥብቃችሁ ጠምዝዙት። ከዚያ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥብ ጠርዝ ላይ ማስቲሽ አይዝም።

ከሰል ምድጃ ላይ አታሙቁት። ኢቫ ይቃጠላል፣ ጭሱም ለሳንባ አይበጅም።

ማስቲሽ

ብዙ ልብስ የሚፈታው እዚህ በተሠራ ጥፋት ነው። ማስቲሽ እንደ ኮላ እርጥብ ሳለ አይጣበቅም። ሁለቱንም ጠርዝ በስሱ ቀቡ፤ የተቆረጠ ጠርዝ ስለሚመጥ 5 ደቂቃ ቆይታችሁ ሁለተኛ ድርብ ጨምሩ። ከዚያ ጠብቁ። በጣታችሁ ጀርባ ስትነኩት ክር ሳይስብ፣ ትንሽ ብቻ ቆንጠጥ ሲያደርጋችሁ ደርሷል። ኮምቦልቻ ፀሐያማ ቀን ላይ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ፣ ደሴ 15 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ቸኩላችሁ ከገጠማችሁ በውስጡ የታፈነው ፈሳሽ መውጫ ያጣል፣ ጠርዙም ሲጎተት እየተንሸራተተ ይከፈታል። ዘግይታችሁ ደርቆ ካገኛችሁት አንድ ስስ ድርብ ጨምሩበት።

የደሴ ጉም ለማስቲሽ ጠላት ነው። ፈሳሹ ሲተን የተቀባውን ፊት ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ እርጥበት ያዘለ ከሆነ ቀዝቃዛው ፊት ላይ ለዓይን የማይታይ ጤዛ ይቀመጣል። ከላይ ስትነኩት የደረቀ ይመስላችኋል፣ ስትገጥሙት ግን እንደ አሮጌ ፕላስተር ይላቀቃል። የተቀባው ፊት ነጣ ብሎ ከደበዘዘ ምልክቱ ይኼ ነው። ክረምት ላይ ወይም የጦሳ ተራራ ጉም በለበሰ ጠዋት የማጣበቅ ሥራ አትጀምሩ፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ሥሩ።

ስትገጥሙ በመጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች፣ ቀጥሎ መሐሉን፣ ከዚያ የቀረውን በጭረቶቹ መሠረት አያይዙ። አንዴ ከተነካካ መመለስ የለም። ጠርዙን በሁለት ጣት አጥብቃችሁ ጨምቁት፤ ማስቲሽን የሚያስይዘው ግፊት እንጂ ብዛት አይደለም። ከገጠማችሁ በኋላ ሙሉ ጉልበቱን ለማግኘት አንድ ቀን ስለሚፈልግ ልብሱን በዚያው ቀን አትሞክሩት።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርገን እንበል። ከማስቲሽ የሚተነው ጋዝ እሳት ይይዛል፣ ራስም ያዞራል። ደሴ ሲበርድ በር ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ መቀመጥ ልማድ ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የማስቲሽ ጣሳ መከፈት የለበትም። የታፈነ ከሰል ራሱ ሰው ይገድላል፣ ማስቲሹ ሲጨመርበት እሳቱም አብሮ ይመጣል። ቡና እየተፈላ ከሆነ እናታችሁን ምድጃውን አንሺልን ከማለት እናንተ ዕቃችሁን ይዛችሁ ግቢ ውጡ። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር አይጠጉ።

መጋጠሚያዎች

ጥሩሩ የሚራመደው ፎም በሌለበት ቦታ ነው። ክርን፣ ብብት፣ ከጉልበት ኋላና ብሽሽት ላይ ፎም አይኑር፤ እዚያ ጥቁር ልብሱ ይታይ። የላይኛውና የታችኛው ክንድ ሽፋን መሐል ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ፤ ክርናችሁን አጥፋችሁ ሁለቱ ጠርዞች ከተነካኩ ጨምሩበት።

ደረትና ጀርባ በትከሻ ላይ በሁለት ክሊፕ፣ በጎን ደግሞ በላስቲክ ይያያዙ። የጎኑ ላስቲክ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲለጠጥ ሁኖ ይሰፋ፣ እስትንፋስ የሚገባው በዚያ ነው። ላስቲክን በማስቲሽ ብቻ ፎም ላይ አትለጥፉ፤ በሦስተኛው ቀን ይገነጠላል። ጫፉን በ5 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ወይም ቆዳ ቁራጭ ላይ በስፌት መኪና ሰፍታችሁ፣ ጨርቁን በሙሉ ፊቱ ፎሙ ላይ በማስቲሽ ለጥፉት። ጉልበቱ በሰፊ ቦታ ይከፋፈላል። ሰፈራችሁ ውስጥ ያለ ልብስ ሰፊ ይህን በአሥር ደቂቃ ይጨርስላችኋል።

ሆድ ሦስት ተደራራቢ ሳህን ቢሆን ይሻላል፤ እያንዳንዱ የታችኛውን 4 ሳንቲ ሜትር ይሸፍን፣ ከኋላ በሁለት ላስቲክ ይያያዙ። ሲጎነበሱ አንዱ በሌላው ሥር ይገባል። ትከሻ ለብቻው ይንሳፈፍ፤ አንድ ላስቲክ ከአንገት በኩል ካለው የደረት ማሰሪያ ጋር፣ ሌላው በክንድ ዙሪያ። ከደረቱ ጋር በማስቲሽ ከተጣበቀ እጅ ሲነሣ ደረቱ አብሮ ተነሥቶ አፋችሁን ይመታል።

ጭን የብዙዎች ራስ ምታት ነው። የጭን ቅርጽ ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ ሽፋኑ በክብደቱ ይንሸራተታል፣ ምንም ያህል ብታጠብቁት። መፍትሔው ማንጠልጠል ነው። ጠንካራ የቆዳ ወይም የሸራ ቀበቶ ወገብ ላይ እሰሩ፣ ከጎን በክሊፕ የሚያዝ ማሰሪያ አውርዱና ጭኑን በእሱ ስቀሉት። የጭኑ ላስቲክ የሚያገለግለው እንዳይወዛወዝ ብቻ ነው። ቅልጥም ላይ የታችኛውን ጠርዝ ከፊት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ቅስት አድርጋችሁ አንሡ፤ አለዚያ በየእርምጃው የእግር ጫፍ ይመታዋል፣ ደረጃ ስትወርዱም ያደናቅፋል።

የራስ ቁር

ፓተርኑ ራስ ላይ በተመሳሳይ መንገድ ይወሰዳል፣ ግን ፊትን በላስቲክ አትሸፍኑ፤ ላስቲኩ ከቅንድብ በላይ ይቁም። የፊቱን ቅርጽ በካርቶን ለብቻው ሥሩ። የሚለካው ሰው ሹሩባ ካላት ወይም ሂጃብ የምታደርግ ከሆነ በዚያው ሁኔታ ለኩ፤ ባዶ ራስ ላይ የተለካ ቁር በበዓሉ ቀን አይገባም። ከዙሪያው ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ፤ ከውስጥ በግንባር፣ በጎንና በኋላ የምትለጥፉት የስፖንጅ ትራስ ቦታ ነው። ቁሩ በጠርዙ ሳይሆን በትራሶቹ ላይ ይቀመጣል።

የዓይን ቀዳዳው ካሰባችሁት የሰፋ ይሁን፣ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍታ። ከውስጥ ጥቁር ቱል፣ እንደ መረብ ያለውን ስስ ጨርቅ፣ ብትለጥፉበት ከውጪ ዓይን አይታይም፣ ከውስጥ ግን ይታያል። በፕላስቲክ ከሸፈናችሁት የትንፋሽ እንፋሎት ይይዘዋል፤ ስስ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቀብታችሁ በደረቅ ጨርቅ ወልውሉት። ከአፍ ሥር፣ ከአገጭ በታችና ከጆሮ በስተኋላ የአየር ቀዳዳ የግድ ነው። ለባሹ ወደ ታች እግሩን ማየት ስለማይችል በደረጃና በመንገድ ዳር ሌላ ሰው ክንዱን ይያዝ። የመኪና መንገድ ላይ ቁር አይደረግም።

መብራት

ለዓይንና ለደረት ነጭ ኤልኢዲ፣ ትንሿ አምፖል፣ ይሆናል። 3 የባትሪ ድንጋይ በተከታታይ 4.5 ቮልት ይሰጣሉ፤ አንድ ነጭ ኤልኢዲ 3 ቮልት አካባቢ ስለሚፈልግ በእያንዳንዱ ላይ 100 ኦም ሬዚስተር፣ ኤሌክትሪኩን የሚገታ ትንሽ ዕቃ፣ አስገቡ። ለሁሉም አንድ ሬዚስተር ማድረግ አይሠራም፣ አንዱ ደምቆ ሌላው ይደበዝዛል። ፓወር ባንክ ብትጠቀሙ ብዙዎቹ ትንሽ ኤሌክትሪክ ብቻ ሲሳብባቸው ስልክ የተነቀለ መስሏቸው ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ መብራቱ በየግማሽ ደቂቃው ከጠፋ ምክንያቱ ይኼ ነው። ብርሃኑ ነጥብ ነጥብ እንዳይሆን ከነጭ ጀሪካን የተቆረጠ ስስ ፕላስቲክ ፊት ለፊቱ አድርጉ። ሽቦውን መጋጠሚያ ላይ ዘና አድርጋችሁ ተዉት፤ የተወጠረ ሽቦ መጀመሪያ ስትቀመጡ ይበጠሳል። የስልክ ሊትየም ባትሪ ገላ ላይ አታስሩ።

ቀለም

መጋጠሚያዎቹን በ120፣ ቀጥሎ በ240 የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ክፍተት ካለ ስቱኮ ሳይሆን ስስ የፎም ክር አስገብታችሁ ሙሉት፤ ስቱኮ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ከዚያ ቀዳዳዎቹ ይደፈኑ። የእንጨት ኮላ በእኩል ውሃ ቀጥናችሁ የመጀመሪያውን ቀቡ፣ ቀጥሎ ሦስት እጅ ኮላ በአንድ እጅ ውሃ ሁለት ወይም ሦስት ድርብ፤ በየመሐሉ በደንብ ይድረቅ። መጨረሻውን በ400 ቁጥር አለስልሱት። ይህን የዘለለ ሰው ሦስት ቆርቆሮ ቀለም ጨርሶም ፎም ፎም የሚመስል ልብስ ይወጣለታል። ክርንና ሆድ መታጠፊያ አጠገብ ኮላው ስስ ይሁን፤ ወፍራሙ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል።

ስፕሬዩን ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ፣ እጃችሁ ሳይቆም፣ በስሱ ደጋግሙት። ቅርብ ሆኖ አንዴ የተጥለቀለቀ ቀለም ይንጠባጠባል። ደሴ በብርድ ቆርቆሮው ጉልበት ካጣና ቀለሙን ጠብ ጠብ እያደረገ ከተፋው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ አቆዩት፤ እሳት አጠገብ ግን በፍጹም። መጀመሪያ ሁሉንም ጥቁር፣ ከደረቀ በኋላ ብርማውን ከአንድ ወገን፣ ከላይ ወደ ታች በሚመጣ አቅጣጫ ብቻ ንፉ፤ ጥቁሩ ስንጥቆች ውስጥ ይቀርና ጥላ ይፈጥራል። የጠመንጃ ብረት ዓይነት ጥቁር አንጸባራቂ ከፈለጋችሁ የእርሳስ ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ ዱቄቱን በጣት ጥቁሩ ላይ እሹት። በጣም ርካሽ ነው፣ ከውድ ብርማ ቀለም የተሻለም ያሳምናል። ጠርዞች ላይ ትንሽ ብርማ በደረቅ ብሩሽ ነካ ነካ አድርጉ፤ ያገለገለ ብረት የሚላጠው ጠርዙ ላይ ነውና።

ቫርኒሹን አትተዉ። ከሥር ያለው የእንጨት ኮላ ውሃ ሲነካው መልሶ ይለሰልሳል፣ ይነጣል፤ የደሴ ዝናብ ደግሞ ቀጠሮ አይጠይቅም።

መልበስና ማጓጓዝ

አለባበሱ ከታች ወደ ላይ ነው፦ ጫማ፣ ቅልጥም፣ ቀበቶና ጭን፣ ሆድ፣ ደረትና ጀርባ፣ ትከሻ፣ ክንድ፣ በመጨረሻ ቁር። ደረት አስቀድሞ የለበሰ ሰው ጎንበስ ብሎ ቅልጥሙን ማሰር አይችልም። ከአንድ ረዳት ጋር 15 ደቂቃ ይወስዳል። ከዝግጅቱ በፊት ቤት ውስጥ ሙሉውን ለብሳችሁ አንድ ሰዓት ቆዩ፤ የሚቆረቁረው ቦታ የሚታወቀው ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው። ሽንት ቤት መሄድም እዚሁ ይሞከር፣ ሁሉም የሚረሳው እሱን ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የምትወርዱ ከሆነ ለብሳችሁ አትሳፈሩ። እያንዳንዱን ቁራጭ በጨርቅ ለይታችሁ በንጹሕ ማዳበሪያ ከረጢት አድርጉ፤ ቁሩ ለብቻው ካርቶን ውስጥ፣ ውስጡ በጨርቅ ተሞልቶ። ሚኒባሱ ላይ ከጭናችሁ ላይ ይሁን፤ ሌላ ዕቃ የተጫነበት ፎም የተጫነበትን ቅርጽ ይይዛል። ኮምቦልቻ ስትደርሱ የቆመ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉት፣ ማስቲሹ በሙቀት ይላላል። እዚያ ያለው ሙቀት ለለባሹም ከደሴው የተለየ ነው፤ ቁሩ በየ20 ደቂቃው ይውለቅ፣ ውሃ በእጅ ይኑር። ትንሽ ጠርሙስ ማስቲሽ፣ ሁለት ትርፍ ክሊፕ፣ መርፌና ክር፣ ጥቁር ፕላስተር በኪስ ይያዝ፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚለቀው የትከሻ ክሊፕ ነው።

ቤት ስትመለሱ ውስጡን በሳሙና ውሃ በነከራችሁት ጨርቅ ወልውሉና ጥላ ላይ ስቀሉት። ላቡ ሳይደርቅ ፌስታል ውስጥ የታሰረ ጥሩር ክረምት ላይ ደሴ ውስጥ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይሻግታል፣ የስፖንጁ ትራስም ሽታው አይለቅም፤ እሱን ነቅላችሁ በአዲስ ተኩት።